ኦሞ ሁለት ጊዜ ሞላ፤ የጻፍነው የት ገባ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ተብለን ነው ያደግነው። ዛሬ የማነሳላችሁ ግን ተጽፎም ስለሚረሳ ነገር ነው።

ነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ የዳሰነች መንደሮችን በሌሊት አጥለቀለቀ። ያኔ በይፋ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 364 ነበር። ከሰዉ ጋር ከብቱም እህሉም ሄደ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2016 መጨረሻና በ2017 መግቢያ፣ ውሃው ያንኑ ምድር እንደገና ያዘው። ኦሞራቴ ከተማ በውሃ ተከበበች፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ።

የመጀመሪያውን ጎርፍ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት ብዙም አያደክማችሁም። የእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርት አለ፤ የውጭ ዜና ወኪሎች ዘገባ አለ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ ጸሐፊውም እንግዳ። ሁለተኛውን ግን የአገሬው ልጆች ራሳቸው በስልካቸው ቀርጸውታል፤ በአማርኛ ጽፈውታል። የጻፉት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው። እስቲ ዛሬ ፈልጉት! ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው ቻናል እንደወጣ፣ በስንተኛው ቀን እንደሆነ አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ ጣታችሁ እስኪዝል ብትወርዱም አታገኙትም። የሩቁ ዘመን የእንግዳ ጽሑፍ በእጃችን አለ፤ የአምናው የራሳችን ጽሑፍ የለም።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ ላለፉት 20 ዓመታት የመጻፊያ ቤታችንን እንዴት እንደመረጥን ይነግረናል።

ፊደሉ እስኪገባ

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ችግሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበቡ ላይ ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል የጋራ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ያም ሆኖ ፎንቱ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ እስኪዳረስ ዓመታት ወስዷል። እስከዚያ ድረስ አንባቢው የሚያየው ፊደል ሳይሆን ባዶ ሳጥን ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጦማሪዎች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ መጻፋቸው አይገርምም። ምርጫ 97 ሲደርስ «ኢትዮ ዛጎል» በሚል የብዕር ስም ይጻፍ የነበረው «ሰምና ወርቅ» እንኳ፣ ስሙ አማርኛ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበር። «ጦማር» የሚለው ቃል ራሱ ከግዕዝ የተወሰደ ነው፤ ደብዳቤ ማለት ነው። ቃሉን ከአባቶች ተዋስን፣ ቤቱን ግን ከባዕድ ተከራየን።

አንድ በር

የተከራየነው ቤት ብሎግስፖት ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 ብሎገርን ገዝቶ በነጻ አቀረበው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ የባንክ ካርድ አይጠይቅም፣ ኮድ ማወቅ አይጠይቅም። በዚያው ዓመት የተወለደው ዎርድፕረስ በራስ አድራሻ እንደልብ የሚበጅ ነበር፤ ነገር ግን አገልጋይ ኪራይና የአድራሻ ክፍያ በዶላር ይፈልጋል። አገር ቤት ለሚኖር ሰው ዶላር መክፈያ ካርድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ምርጫ ያልነው ነገር እውነቱን ለመናገር ምርጫ አልነበረም።

ነጻው ቤት ግን አንድ ጉድለት ነበረው፤ ሁላችንም የምንገባው በአንድ በር ነው። የሁሉም ጦማር አድራሻ የሚያልቀው በዚያው በብሎግስፖት ስም ስለሆነ፣ ያን ስም የዘጋ ሁሉንም ዘጋ። ግንቦት 1998 የሆነው ይኸው ነው። ስለ ፖለቲካ የጻፈውም፣ ስለ ምግብ አሠራር የጻፈውም አብረው ከአገር ውስጥ አንባቢ ተሰወሩ። ልብ በሉ፤ የዳሰነች ጎርፍ የመጣው ከዚያ በሦስተኛው ወር ነው። ያኔ ከኦሞራቴ ወይም ከጂንካ አንድ ሰው ያየውን ሊጽፍ ቢነሳ፣ በነጻ የሚያገኘው ቤት በአገሩ ተቆልፎ ነበር።

ቀጣዩን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግንቦት 2004 የተጀመረው ዞን ዘጠኝ ስሙን ያገኘው ከቃሊቲ እስር ቤት ነው። ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት። «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ብለው በአማርኛ ጻፉ። ጦማሩ በሳምንታት ውስጥ አገር ቤት ታገደ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 2006፣ ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በፀረ ሽብር አዋጁ የቀረበባቸው ክስ በኢንተርኔት ላይ ራስን ስለመጠበቅ ከተሰጠ ስልጠና ጋር የተያያዘ ውንጀላ ነበረበት። ከፊሎቹ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ ፍርድ ቤቱም ጥቅምት 2008 ቀሪዎቹን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው።

ከታገደው ቤት ወደተከፈተው

ጦማር ሲታገድ ጸሐፊው ሁሉ ወደ ፌስቡክ ሄደ። አይፈረድበትም፤ አንባቢው እዚያ ነበር። ረጅም ጽሑፍ የፌስቡክ «ኖትስ» ላይ ይወጣ ጀመር። ከዚያ ቴሌግራም መጣ። ቻናል የሚባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2015 ጀመረ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ቴሌግራም ቀላል ነው፣ ዳታ አይበላም፣ ፋይሉን ለሌላው ማሳለፍ ይቻላል። ይህን ጽሑፍም የምታነቡት እዚያው ነው።

ሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችንና ጦማሮችን መክፈቱን አስታወቀ። በሩ ተከፈተ፤ የተመለሰው ግን ጥቂት ነው። አንባቢው ተበትኖ ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፌስቡክ «ኖትስ»ን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 መጨረሻ አቋረጠ። በሌላ በኩል ደግሞ የካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አገር ቤት ተገድበው ለአምስት ወር ያህል ቆዩ። የሸሸንበት ቤት ራሱ አንድ በር ያለው ሆኖ ተገኘ። የሸሸነው ብሎግስፖትስ? ከ1997 እና ከ1998 የተረፉ ጦማሮች ዛሬም ይከፈታሉ። የታገደው ቤት ጽሑፉን አቆየ፤ ክፍት የነበረው ቤት አላቆየም።

ሁለት ጥያቄ አለ ማለት ነው። አንደኛው፦ ዛሬ ማን ያነበዋል? ሁለተኛው፦ ከ20 ዓመት በኋላ ማን ያገኘዋል? እኛ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ስንመልስ ኖርን። ሁለተኛውን ጊዜ ሰጥተን አላሰብንበትም።

ሁለተኛውን ማን አሰበበት?

ደቡብ ኦሞን ላይ ያለውን መዝገብ ብታዩ ይገባችኋል። ኢቮ ስትሬከርና ዣን ሊዳል ከሐመር ሰው ጋር ኖረው የጻፉት ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ጀርመን አገር ታተመ። ከሦስቱ አንዱ ባልደምቤ የተባሉ የሐመር አባት የተናገሩት ነው። ባልደምቤ በቃል የተናገሩት ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ እስከዛሬ ይጠቀሳል። ስትሬከር ኋላ ላይ ጂንካ ላይ ለቆመው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየምም መነሻ ከሆኑት አንዱ ናቸው።

ስለ ሙርሲም እንዲሁ። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ከኦክስፎርድ ጋር ሆነው «ሙርሲ ኦንላይን» የሚባል ድረ ገጽ አቆሙ። የራሱ አድራሻ አለው፤ ጽሑፎቹ በርዕስና በዓመት ተከፋፍለዋል። ጥር 2003 አቶ መለስ ዜናዊ በአርብቶ አደሮች ቀን ጂንካ ላይ ተገኝተው የታችኛው ኦሞን የስኳር ልማት ዕቅድ ሲያበስሩ ያደረጉት ንግግር የእንግሊዝኛ ትርጉም በዚያ የውጭ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ ሲጠቀስ ኖሯል። መንግሥት ልማት ነው አለ፤ የውጭ የመብት ድርጅቶች መፈናቀል ነው አሉ። ሁለቱም ወገን የራሱ ቤት ነበረው። ስለ ራሱ መሬት ሲከራከሩበት ይሰማ የነበረው ያገሬው ተማሪና መምህር ግን የነበረው የፌስቡክ ግድግዳ ብቻ ነው።

እንግዶቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። እነሱ ባይጽፉት ኖሮ ያም አይኖርም ነበር። ነገር ግን ነገ የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ አካባቢው ጥናት ሲሠራ በማስረጃነት የሚያገኘው እነሱ የጻፉትን ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

ገበያውና ቤቱ

ጂንካን የሚያውቅ የቅዳሜ ገበያዋን ያውቃል። አሪው ከደጋ፣ በናው ከቆላ፣ ሙርሲው ከማጎ ማዶ ይመጣል። ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ወሬ ይለዋወጣል። ማታ ግን ሁሉም እህሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገበያ ላይ ጎተራ የሚሠራ የለም።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ገበያ ናቸው። ሰው ያለበት እዚያ ነውና እንሂድ፤ እንጩህ። ጎተራው ግን ሌላ ቦታ ይሁን። ይህ የቴክኒክ ሊቅ መሆንን አይጠይቅም። ከላይ ከተነገረው ታሪክ የሚወጡ ጥቂት ምክሮች ልስጣችሁ።

ቤት ስትመርጡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «ያምራል ወይ?» ሳይሆን «የጻፍኩትን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?» የሚለውን ነው። ብሎገርም ዎርድፕረስም ጽሑፉን በሙሉ በአንድ ፋይል አውርዳችሁ እንድትወስዱ ይፈቅዳሉ። ቴሌግራምም በኮምፒውተር ላይ የቻናሉን ታሪክ ማውረጃ አለው፤ የምናወርደው ግን ስንቶቻችን ነን?

ሁለተኛ፣ አቅም ያለው አድራሻውን የራሱ ያድርግ። የራስ አድራሻ ካላችሁ አንዱ ቤት ቢዘጋ ጽሑፉን ወደ ሌላው አዛውራችሁ አንባቢያችሁ በድሮው መንገድ ያገኛችኋል። በነጥብ ኢቲ የሚያልቀው አድራሻ በብር ይከፈልበታል፤ ዶላር ለሌለው አማራጭ ነው። ዕዳውን ግን አትርሱ፤ ክፍያው የተቋረጠ አድራሻ ይወድቃል። በየዓመቱ የሚከፍል ከሌለ ነጻው ብሎገር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ገጹን ስታበጁ ስለ ቀለሙ ከመጨነቃችሁ በፊት ስለ አንባቢው ስልክ አስቡ። ዳሰነች ውስጥ ደካማ ኔትወርክ ላይ የሚከፍተው ሰው ትልቅ ፎቶና ተንሸራታች ማስታወቂያ እስኪጫን አይጠብቅም። የግዕዝ ፊደሉ በደንብ የሚነበብ፣ መስመሩ ያልተጣበቀ ይሁን። ጽሑፉን እንደ ፎቶ አትለጥፉት፤ ፎቶ ላይ ያለ ፊደል ተፈልጎ አይገኝም። በየጽሑፉ ላይ ቀኑን ከነዓመተ ምህረቱ፣ የቦታውንም ስም ጻፉ። «ትናንት ቀበሌያችን ላይ» ብላችሁ ብትጽፉ ከ10 ዓመት በኋላ ትናንት መቼ እንደነበር፣ ቀበሌውም የት እንደሆነ ማን ያውቃል? ደቡብ ኦሞ ስንል የኖርነው ዞን ራሱ በ2015 ተከፍሎ አሪ ለብቻው ዞን ሆኗል። ስምና ወሰን ይለወጣል፤ መዝገብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል የድረ ገጽ መዘክር አለ። የገጻችሁን አድራሻ ብትሰጡት ቅጂውን ያስቀምጥላችኋል። በነጻ ነው። ቻናላችሁ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ቤታችሁ ላይ አውጡት፣ ለመዘክሩ ስጡት፣ ከዚያ ገበያ ውጡ።

«ማን ያነበዋል? ጦማር እኮ ሞቷል» የሚል ይኖራል። ዛሬ የሚያነበው ጥቂት ነው፤ ልክ ነው። ባልደምቤ የተናገሩትም ሲታተም አንባቢው ጥቂት ነበር። ዋጋው የታየው ያዩት ሰዎች ካለፉ በኋላ ነው።

የኦሞ ዳርቻ ገበሬ ጎርፉ ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ ማሽላውን ይዘራ ነበር። ግቤ ሦስት ከቆመ ወዲህ ውሃው እንደ ድሮው አይመላለስም፤ ያ ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ጉዳይ ነው። የእኛ የየዕለት ወሬ ጎርፍ ግን ደለል ትቶልን አያውቅም። የአምናውን ውሃ ያያችሁ የዳሰነች ልጆች፣ ፎቶውና ጽሑፉ ገና ስልካችሁ ላይ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይሸጣል። ሦስተኛው ውሃ ሳይመጣ ቤት አስገቡት።

ቸር ያሰንብተን።