ከጆሮ ማጠቢያ ውሃ የተገኘ ትምህርት

ሰው ሲሄድና ሲቆም እንዳይወድቅ ሚዛኑን ከሚጠብቁለት አካላት አንዱ በጆሮው ውስጥ መኖሩ የታወቀው ከረጅም ዘመን በኋላ ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ብዙ የአውሮፓ ሐኪሞች ብርቱ የራስ ማዞርን ከአንጎል ሕመም ይቈጥሩት ስለ ነበር፥ ደም በማስወጣት በሽተኛውን ይባስ ያደክሙት ነበር። በፓሪስ መስማት የተሳናቸው ልጆች ይማሩበት በነበረው ተቋም ሐኪም የሆነው ፕሮስፔር ሜኒየር ግን በ1861 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ማዞሩ ከጆሮ ጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋራ ሲመጣ ምንጩ ውስጠኛው ጆሮ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ይሁን እንጂ ይህን በሕያው ሰው ላይ የሚያረጋግጥ መመርመሪያ ገና አልተገኘም ነበር።

በዚሁ አቈጣጠር በ1873 በቪየና ከተማ ታላቁ ሆስፒታል ውስጥ አዳም ፖሊትሰርና ዮሴፍ ግሩበር የሚመሩት የዩኒቨርሲቲ የጆሮ ክሊኒክ ተከፈተ። ሕክምናው፥ ትምህርቱና ምርምሩ በአንድ ጣራ ሥር የሚከናወን በመሆኑ፥ በሕመምተኛው ላይ የታየው ነገር ሁሉ ሳይውል ሳያድር ለጥናት ይቀርብ ነበር። በ1903 ወደዚህ ክሊኒክ የገባው ወጣት ሐኪም ሮበርት ባራኒ ይባላል።

ባራኒ የሕመምተኞችን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ አንዳንዶቹን ያዞራቸው፥ ዓይናቸውም ወዲያና ወዲህ ይርገበገብ ነበር። ከእነርሱም አንዱ፥ ማዞሩ የሚመጣበት ውሃው በበቂ ሳይሞቅ ሲቀር መሆኑን ነገረው። ባራኒ ይህን ቃል ሳይንቅ አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ፥ አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃ እየለዋወጠ ፈተነ፤ ውሃው ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ሲለወጥ የዓይኑም እንቅስቃሴ አቅጣጫውን እንደሚገለብጥ አየ። ምክንያቱንም ሲተረጕም፥ በእሳት ላይ የተጣደ ውሃ ሲሞቅ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፥ በጆሮ ውስጥ ባሉት ግማሽ ክብ ቦዮች የሚገኘው ፈሳሽ በሙቀትና በቅዝቃዜ ይንቀሳቀሳል አለ። ስለዚህ ዓይኑ የማይርገበገብለት በሽተኛ በዚያ ወገን ያለው የሚዛን አካሉ መድከሙን ሐኪሙ ያለ ቢላዋ ለማወቅ ቻለ።

ስለዚህ ሥራው የ1914 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው፥ ባራኒ በጦር ሐኪምነት ዘምቶ በሩሲያ እጅ ተማርኮ ነበር። በ1916 ተፈትቶ ወደ ስዊድን ሄደ፤ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ቈይቶ በ1936 ዐረፈ። በ1983 ስፔስላብ በተባለው የጠፈር ላቦራቶሪ በተደረገ ፈተና፥ ክብደት በማይሰማበት ስፍራም ጆሮ ሲሞቅ ዓይን መርገብገቡ ታየ፤ በዚህም የባራኒ ትርጓሜ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። መመርመሪያው ግን እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

ይህ ታሪክ መምህራንንም የሚመለከት ነው። ስሙ ሲጠራ የማይመልስ፥ ከኋላ ተቀምጦ የሚፈዝ፥ ሲሮጥም ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ልጅ ሰነፍ ወይም እልከኛ ተብሎ ከመቀጣቱ አስቀድሞ ጆሮው ሊመረመርለት ይገባል። ልጁ የሚሰማውን ራሱ ሲናገር ሐኪም ላይኖር ይችላል፤ መምህሩ ግን በአጠገቡ አለ። የቪየናው ሐኪም የበሽተኛውን ቃል እንደ ተራ ስሞታ ቈጥሮ አልፎት ቢሆን ኖሮ፥ የውሃው ምሥጢር በዚያ ቀን ከቈሻሻው ጋራ አብሮ በተደፋ ነበር።