ያልተፋቀ መዝገብ

ደምበጫ አካባቢ ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ሲካሰሱ ሽማግሌ «ዛሬ የሚያርሰው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ዛሬ የሚያርሰውን አገር ያየዋል። ጥያቄው «በ89ኙ ሽግሽግ ጊዜ በማን እጅ ነበር? ከዚያስ በፊት?» ነው። የመሬት መዝገብም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ የዛሬውን በማሳየቱ ሳይሆን የትናንቱን ባለመርሳቱ።

በርስት ዘመን ይህን መዝገብ የሚይዘው የሰው ትውስታ ነበር። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር አለን ሆበን በ1950ዎቹ በጎረቤት ደጋ ዳሞት ተቀምጦ እንዳጠናው፣ ገበሬው መሬት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ዘሩን ቆጥሮ እስከ አቅኚው አባት በመድረስ ነበር። የአድባራት መሬት ደግሞ በወንጌል ብራና ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር። ብራና ግን ይፋቃል። አንዱ ስም ተፍቆ በቦታው ሌላ ሲጻፍ፣ የፊተኛው ሰው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ በየተራው ፍቆ ጻፈ። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የዘር ቆጠራው ሕጋዊ ዋጋ አጣ። የ1989ኙ ሽግሽግ «ቢሮክራት» ከተባሉት ቀንሶ ለሌሎች ሰጠ። በ1990ዎቹ የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት የይዞታ ደብተር መጣ። አሁን ደግሞ ተራው የኮምፒውተር ነው። አዲስ ለመጻፍ በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ለጢሰኛው የ1967ቱ አዋጅ ፍትሕ ነበር። አሮጌውን ለመፋቅ ግን ምክንያት አይሆንም።

የኮምፒውተር መሐንዲሶችም ይኸው ችግር ገጥሟቸው ነበር። በተለመደው አሠራር ፋይል ሲታረም አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ የቀድሞው ይጠፋል። ዛሬ ኔትአፕ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ ሌላ መንገድ አስረዳ። በእሱ አሠራር የተለወጠው ክፍል በዲስኩ ባዶ ቦታ ላይ ይጻፋል፤ የሚለወጠው የትኛው ክፍል የት እንዳለ የሚጠቁመው ማውጫ ብቻ ነው። የድሮው ማውጫ ከተያዘ፣ የዚያ ቅጽበት መዝገብ ሙሉው እንዳለ ይቆያል ማለት ነው። ይህ ስናፕሾት ይባላል። ያልተለወጠው ክፍል ሁለቴ ስለማይቀዳ ሲነሳ ቦታ የሚወስደው በጣም ጥቂት ነው፤ የሚጨምረው ለውጡ በበዛ ቁጥር ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2005 የለቀቀው ዜድኤፍኤስም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ቢሮው ቢቃጠል ወይም ማሽኑ ቢዘረፍ አብሮ ይሄዳል። ቁልፉን የያዘው አስተዳዳሪም ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ቅጂው ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ መቀመጥ አለበት። ይህን ኢትዮጵያ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ሚኒሶታ አስቀምጧል። ዋናው ብራና ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ ይተርፋል።

ስለዚህ የይዞታ ደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ገበሬው «ስሜ ገብቷል ወይ?» ብሎ መመለስ የለበትም። ስሙ ነገ ቢለወጥ የዛሬው ይቀራል ወይ? ማን፣ መቼ እንደለወጠው ይታያል ወይ? ቅጂው ከወረዳው ውጭ የት አለ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ ብቻ ከተፋቀው ብራና አይሻልም። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ብራና ሲፋቅ ቢያንስ ጠባሳ ይተዋል።