በእግር የተሠሩ ከተሞች

ጃፓንን በእግራቸው የሚያስሱ ሰዎች የቀረጹትን ቪዲዮ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሰውየው ቦርሳውን አዝሎ በኪዮቶ ጠባብ መንገዶች ይገባል፤ ወይም በዮኮሃማ የወደብ ዳርቻ ያዘግማል። ኪዮቶ እ.ኤ.አ. ከ794 ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች። ዮኮሃማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1859 ለውጭ ንግድ እስክትከፈት ድረስ ትንሽ መንደር ነበረች። ኪዮቶን ከኤዶ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቶኪዮ ጋር የሚያገናኘው ቶካይዶ የተባለው የእግር መንገድ 53 ማረፊያዎች ነበሩት። መንገደኛ ይበላባቸዋል፣ ያድርባቸዋል። ዛሬም ማረፊያዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ የሚጓዝ ሰው አይጠፋም።

ታዲያ እኛስ? ጎጃም ባሕር የለውም። ንጉሥ ያነጠፈው የድንጋይ መንገድም የለውም። ግን ወደብም መናገሻም ነበረው፤ የምንፈልገው ያለቦታው ስለሆነ ነው የማናየው።

እኔ የማንኩሳ አካባቢ ልጅ ነኝ። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች፣ አውቶቡስ ብዙም ሳይቆም የሚያልፋት ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት ከመጽሐፍ ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነውና። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ትምህርት ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ መጨረሻው ዲማ ይሆናል። ይሄ የልቦለድ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ዜማ አንድ ቦታ፣ ቅኔ ሌላ ቦታ እየተማረ፣ ቁራሽ እየለመነ ጎጃምን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ያካለለው የቆሎ ተማሪ ቁጥር ስፍር የለውም። የአገሩን ካርታ በወረቀት ሳይሆን በእግሩ ያወቀው እሱ ነው።

አያቴም ርቀትን በኪሎ ሜትር አትነግረኝም ነበር። «ፀሐይ ሳትበረታ ትደርሳለህ» ትላለች፤ ወይም «እዚያ ታድራለህ»። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ነው። በእግሬ ስሄደው ግን ቀኔን ጨረሰው። ያን ቀን ነው የገባኝ፦ ማንኩሳ ያለችው ሰው በሚደክምበት ቦታ ላይ ነው። እንደ ቶካይዶ ማረፊያዎች ማለት ነው።

ወደቡ ደግሞ ዓባይ ላይ ነው። ከጎጃም ደቡብ ባሶ አለ፤ የጁቤ ገበያው። እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከእናርያ የተነሳ የሲራራ ነጋዴ በጉድሩ አሰንዳቦ በኩል አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይገባል። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ከደቡብ ይመጣል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ከሰሜን ይወርዳል። በክረምት ዓባይ ሲሞላ መሻገር ስለማይቻል ነጋዴው ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል። መርከበኛ ነፋስ እንደሚጠብቀው መሆኑ ነው። ቀረጥ አለ፣ ኬላ አለ፣ የብዙ አገር ቋንቋ አለ። ይሄ ወደብ ካልሆነ ምን ወደብ አለ? በ1840ዎቹ መጀመሪያ ባሶ አጠገብ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የገበያውን ዕቃ መዝግቦ ባያቆይልን ኖሮ ይሄን ያህል ባላወቅን ነበር።

እዚህ ጋ ግን ቆም ማለት አለብን። ወደ ባሶ ከሚመጣው «ዕቃ» ውስጥ ሰው ነበረበት። ከዓባይ ማዶ የተፈነገሉ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ወንዝ፣ በዚያው ገበያ አልፈው ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ተነድተዋል። የቆሎ ተማሪው ጉዞ ትዝታ ሆኖ ተጽፏል፣ ተተርኳል። የእነሱ ግን ማን ጻፈው? ስለ ድሮ የእግር መንገድ ስናወራ ትዝታው ይጣፍጠናል፤ ወዶ የሄደውን ብቻ ካስታወስን ግን ታሪኩን ግማሽ አድርገን ነው የወሰድነው።

ወደ መናገሻው እንምጣ። በአገራችን ለብዙ ዘመን መናገሻ ማለት የንጉሡ ድንኳን የተተከለበት ቦታ ነበር። ሠራዊቱ ሲነሳ ከተማው አብሮ ይነሳል። ጎጃም ውስጥ የቆየልን መናገሻ መንቆረር ነው፤ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ በኋላ ባሠሩት የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ሆነ። ስም እንኳ እዚህ አገር ይራመዳል። ዳሞት ጥንት ከዓባይ ደቡብ የነበረ አገር ነው፤ ሕዝቡ ወደ ሰሜን ሲሻገር ስሙን ይዞት መጣ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ዳሞት የሚባሉት በዚህ ነው።

የፍኖተ ሰላም ስምም ታሪክ አለው። የድሮ ስሟ ወጀት ነው፤ አዲሱን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ሲመለሱ ያለፉት በዚሁ መስመር ነበር። ጣልያን ቡሬም ማንኩሳም ምሽግ ነበረው። በዊንጌት የሚመራው ጦር ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ሆኖ አስጨንቆት፣ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ለዚያ ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ከሱዳን ተነስተው ነበር፤ አብዛኞቹ ደጋውን አልቻሉትም፣ በየመንገዱ አለቁ። የቀረውን የሠራው የሰው እግር ነው።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ይሄን ስም ዛሬ መጥራት ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሳው ጦርነት ይሄንን መስመርም አልማረውም። «መንገድ ተዘጋ» የሚለው ወሬ የተለመደ ሆኗል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የሚቀረው ሽርሽር ብቻ አይደለም፤ ገበያተኛዋ በርበሬዋን ይዛ ትመለሳለች፣ በሽተኛው ሆስፒታል ሳይደርስ ይቀራል፣ ተማሪው ፈተናው ያልፈዋል። ከተሞቹን የሠራቸው መተላለፍ ነው፤ የሚገድላቸውም መተላለፍ ሲቀር ነው።

ለዚህ ነው ጃፓኖቹን የምቀናባቸው። በሕንፃቸው አይደለም፤ አንድ ሰው ማለዳ ተነስቶ፣ ማንንም ሳይፈራ፣ ማታ የሚቀጥለው ማረፊያ መድረሱን እርግጠኛ ሆኖ መውጣቱ ነው። እኛ ዘንድ ማረፊያዎቹ አሉ፦ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ። መንገዱን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ገና አሉ። የቻላችሁ ከእነሱ ጋር ተቀመጡና የት ያድሩ እንደነበር፣ የትኛውን ወንዝ በየት በኩል ይሻገሩ እንደነበር ጠይቁ፤ ጻፉትም። ሰላም የወረደ ቀን መንገዱን የሚያሳየን ሰው እንዳናጣ።