ለፍጥነት የተሠራችው ካሜራ እንዴት የዝግታ ምልክት ሆነች?

ኦስካር ባርናክ አስም ነበረበት። ጀርመናዊው መካኒክ ፎቶ ማንሳት ይወዳል፤ በዘመኑ የነበረው ካሜራ ግን የመስታወት ሳህን የሚጎርስ፣ ከነማቆሚያው የአህያ ሸክም የሚያክል ሣጥን ነው። ያንን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ደረቱ አልቻለለትም። ስለዚህ በቬትስላር ከተማ ተቀጥሮ በሚሠራበት የሌይትስ ማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ውስጥ፣ በ1914 ገደማ፣ ኮት ኪስ የምትገባ ካሜራ ሠራ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሲኒማውን ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወስዶ አጋደመው፤ የምስሉንም ስፋት እጥፍ አድርጎ 24 በ36 ሚሊ ሜትር አደረሰው።

ከዚያ የዓለም ጦርነቱ መጣ፣ ከጦርነቱ በኋላም የጀርመን ገንዘብ የወረቀት ያህል እንኳ ዋጋ ያጣበት የዋጋ ንረት። በ1924 የፋብሪካው ባለቤት ኤርንስት ሌይትስ ዳግማዊ ሰዎቹን ሰብስቦ፣ ይህች ትንሽ ካሜራ ለገበያ ትውጣ ወይስ ትቅር ብሎ አማከረ። ስብሰባው ተከፋፈለ። በመጨረሻ ሰውየው ኪሳራውንም ትርፉንም በራሱ ወስዶ ትሠራ አለ። በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ «ላይካ» ተብላ ብቅ አለች። ስሟ ከ«ሌይትስ» እና ከ«ካሜራ» የመጀመሪያ ፊደላት የተሰፋ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ላይካ የተፈጠረችው ፎቶ አንሺውን ለማዝለግ አይደለም፤ ለማፍጠን ነው። አንድ ሳህን አንስቶ ሌላ ሳህን ለመቀየር ሲታገል ለኖረ ሰው፣ በአንድ ጥቅል 36 ጊዜ መተኮስ የዚያ ዘመን ጥድፊያ ነበር።

ዛሬ ታሪኩ ተገልብጧል። ዲጂታል ኤስኤልአር ይዞ የሚሠራ ወጣት፣ በቀን ሁለት ሺህ ፎቶ ማንሳቱ ሰልችቶት ካሜራውን ሸጦ ባለ ሬንጅፋይንደር የፊልም ካሜራ ልግዛ እያለ ያሰላስላል። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ፊልም ያረጋጋል፤ ከመጫን በፊት ያሳስባል» ይላል። እውነት ነው? ግማሹ።

በመጀመሪያ የሁለቱን ልዩነት እንይ። ኤስኤልአር ውስጥ መስታወት አለ፤ ዓይን የሚያየው ሌንሱ የሚያየውን ነው፤ በሚነሳበት ቅጽበት ግን መስታወቱ ብድግ ይልና ዓይን ይጨልማል። ሬንጅፋይንደር መስታወት የለውም። ፎቶ አንሺው በሌንሱ ሳይሆን ከጎን ባለች ትንሽ መስኮት ያያል፤ መሐል ላይ የሚታዩትን ሁለት ምስሎች አንድ ላይ ሲያገጥማቸው ፎከሱ ተስተካከለ ማለት ነው። ጥቅሙ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ከክፈፉ ውጭ ሆኖ ወደ ውስጥ እየገባ ያለውን ሰውም አስቀድሞ ያሳያል። ጉዳቱ፣ በጣም ቀርቦ ማንሳት አይቻልም፤ ረጅም ሌንስ አይመቸውም፤ የሌንሱን ክዳን ረስቶ ሙሉ ጥቅል የተኮሰም ሰው ምንም አይታወቀውም።

ይህች መስኮት የመንገድ ላይ ፎቶን ልጅ አድርጋ አሳደገችው። ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን የሚያብረቀርቀውን የካሜራውን አካል በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ በሰው መሐል ይሹለከለክ ነበር። በ1940 በጀርመኖች ከመማረኩ በፊት ላይካውን መሬት ቆፍሮ ቀበራት፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ከሽፎበት በሦስተኛው ከምርኮ ካመለጠ በኋላ ተመልሶ አወጣት።

ታዲያ ጋዜጠኞቹ ይህችን ካሜራ ለምን ተዉአት? ሥራ አስገደዳቸው። በ1959 የጃፓኑ ኒኮን ኤፍ ወጣ። ስፖርት ለሚያነሳ፣ ከሩቅ ቆሞ የመሪ ፊት ለሚያድን ሰው ባለ መስታወቱ ካሜራ የግድ ሆነ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ብዙዎቹ ላይካውን ለቅርቡ፣ ኒኮኑን ለሩቁ እያሉ ሁለቱንም አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ሃይማኖት አላደረጉትም፤ መሣሪያ ነው።

«ፊልም ያሳስባል» ለሚለውም ታሪክ አንድ ምስክር አለው። አሜሪካዊው ጋሪ ዊኖግራንድ የኒውዮርክን ጎዳና በላይካ ያነሳ ነበር። በ1984 ሲሞት 2,500 ያህል ያልታጠበ ጥቅል ፊልም ትቶ ሄደ። በ36 ሲባዛ 90,000 ያህል ፎቶ ነው፤ ራሱ አንዱንም አላየውም። ፊልሙም፣ ሬንጅፋይንደሩም፣ ዋጋውም አላስቆመውም። ተኩሶ የማይጠግብ ጣት በማንኛውም ካሜራ አይጠግብም።

በእርግጥ ገንዘብ ሰውን ይገራል። በእኛ አገር ለአንድ ክርስትና አንድ ጥቅል ፊልም ተገዝቶ፣ «እንዳይቃጠል!» እየተባለ የተነሳበትን ዘመን ብዙዎች ያስታውሱታል። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቆም ነበር። ያቺ ፎቶ እስከ ዛሬ አልበም ውስጥ አለች፤ ባለፈው ዓመት በስልክ የተነሳው ሺህ ፎቶ ግን ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ሄዷል። ይህ ለፊልም የሚቆም ጠንካራ ክርክር ነው። ግን ፎቶዋን ያቆያት ፊልምነቷ ብቻ አይደለም፤ ታትማ አልበም መግባቷ ነው። ዲጂታሉንም ማተም ይቻላል።

ስለዚህ ልግዛ አልግዛ የሚል ሰው ሁለት ጥያቄ ይመልስ። አንደኛ፣ እንጀራው ምንድን ነው? ለዛሬ ማታ ዜና ፎቶ የሚልክ፣ የጨለማ አዳራሽ ሠርግ የሚያነሳ ሰው ዲጂታሉን ቢሸጥ የሚሸጠው ሥራውን ነው። ፊልም ገዝቶ፣ አሳጥቦ፣ ስካን አስደርጎ የሚጠብቅ ደንበኛ የለውም። የራሱን ሰፈር ለዓመታት በቀስታ ለመመዝገብ የተነሳ ሰው ግን ይግዛ፤ አይቆጭም።

ሁለተኛ፣ ከመሸጡ በፊት አንድ ወር ይሞክር። ባለው ካሜራ ላይ አንድ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይግጠም፤ ስክሪኑን በፕላስተር ይሸፍን፤ በቀን 36 ፎቶ ብቻ ያንሳ፤ ያነሳውንም ከሳምንት በኋላ ይይ። በአምስተኛው ቀን ፕላስተሩን ከቀደደው፣ ችግሩ ካሜራው ላይ እንዳልነበረ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ አወቀ። ወሩን ከጨረሰ ደግሞ ወደ ገበያው ይሂድ።

ለነገሩ ባርናክን ጥሎ የሄደ ሰው የለም። ዛሬ «ፉል ፍሬም» እየተባለ በውድ የሚሸጠው የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ልኩ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ደረቱ ለታመመው መካኒክ የተመቸው ያው ልክ።