«ቲቸር፣ ኦቨርክሎክ ላድርገው?»

ባለፈው ሳምንት ሰሚት አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ኮምፒውተሬ በጣም ቀርፋፋ ሆነብኝ። ሲፒዩውን ኦቨርክሎክ ላድርገው?» ያለችው አንዲት ዴስክቶፕ ናት፤ እንጀራው በእሷ ነው። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ የታሪክ መምህርነቴ አሸነፈኝ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ። (ካልገለጽኩ በቀር ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው።)

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። ጣጣው ሙቀቱ ነው። ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ። ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም 10 በመቶ ብትጨምሩ ሙቀቱ በ33 በመቶ ገደማ ያድጋል። አሥር አገኘሁ ብላችሁ ሠላሳ ሦስት ትከፍላላችሁ።

ዱሮ ይሄ ጭንቀት አልነበረም። በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 ትራንዚስተሮቹ 2,300 ገደማ፣ ፍጥነቱም 740 ኪሎኸርዝ ነበር። የ1981ዱ አይቢኤም ፒሲ በ4.77 ሜጋኸርዝ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ላይ ፋን ቀርቶ ሂት ሲንክ እንኳ አልነበረበትም። በ1993 ፔንቲየም ሲመጣ ግን ማቀዝቀዣ የግድ ሆነ።

የኦቨርክሎክ ወርቃማ ዓመት 1998 ነው። ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ሰዎች የማዘርቦርዱን ባስ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲቀይሩት ባለ 300ው 450 ሆኖ አረፈው! በርካሽ የገዙት ዕቃ ከውዱ ጋር እኩል ሮጠ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ።

ኩባንያዎቹም ያው ሩጫ ውስጥ ነበሩ። በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ትራንዚስተር ሲያንስ የሚፈልገው ኃይልም አብሮ ይቀንሳል። ሃያ አምስት ዓመት በላይ በዚህ ተኖረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ትራንዚስተሮቹ በጣም ከማነሳቸው የተነሳ ተዘግተውም ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ጀመሩ። በ2001 የኢንቴሉ ፓት ጌልሲንገር «በዚህ ከቀጠልን የቺፕ ሙቀት እንደ ኑክሌር ማብላያ ይሆናል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በ2004 የወጣው ፔንቲየም 4 ፕሬስኮት ከ100 ዋት በላይ ይተፋ ነበር። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል ጥፍር በምታህል ሲሊከን ላይ አስቡት። በዚያው ዓመት ኢንቴል ተተኪውን ቴሃስን ሰረዘ፣ ባለ 4 ጊጋኸርዙንም ተወው። አለቃው ክሬግ ባሬት መድረክ ላይ ቀልድ አድርጎ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ኮር ማብዛት ሆነ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የተቃጠልኩት። በ2000 ዓ.ም (በእኛ) ገርጂ፣ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ያገለገለ ፔንቲየም 4 ነበረን። ጌም እንዲፈጥንልኝ ብዬ ባዮስ ገብቼ ባሱን ከፍ አደረግኩት። ሁለት ቀን ነገሥኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ፀሐይ ጣሪያውን ስታግለው ማሽኑ ደረቀ። መልሼ ስከፍተው የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ አልከፈት አለ። ኮፒ አልነበረንም። እህቴ ምንም አላለችኝም፤ በእጅ ከጻፈችው ረቂቅ ሁለት ሌሊት ሙሉ እንደገና ታይፕ አደረገችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የእኛ ሰፈር ደግሞ የራሱ ጸባይ አለው። ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። የኮምፒውተራችሁም ፋን ያንኑ ስስ አየር ነው የሚገፋው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ጅቡቲ ላይ ከሚያወጣው ያንሳል። ደግነቱ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነው፣ ያካክሳል። የግንባታ አቧራው ግን ሂት ሲንኩን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ጎሮ መንገድ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ያሉት ራክሲዮና ዊንጉ አፍሪካን የመሳሰሉ ዳታ ማዕከላትም ትልቁ ሥራቸው ኤሌክትሪክ ማስገባትና ሙቀት ማውጣት ነው።

እና ለተማሪዬ መልሴ ይኸው። ከ2008 ወዲህ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች (በኋላም የኤኤምዲ) ሙቀታቸው ዝቅ ካለ ራሳቸው ፍጥነት ይጨምራሉ፣ ሲግሉ ራሳቸው ይቀንሳሉ። ስለዚህ የአንተ ማሽን ግሎ እየተጎተተ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዝ ራሱ ማፍጠን ነው።

መጀመሪያ የደንበኞችህን ቪዲዮ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ከዚያ አጥፍተህ፣ ከሶኬት ነቅለህ አቧራውን አጽዳ። የደረቀውን ተርማል ፔስት ጠርገህ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርግ። ኬዙን ከግድግዳ አርቀው። ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረግህ ሙቀቱን ተከታተል። ከ85 ዲግሪ በታች ከቆየና አሁንም ካልጠገብክ ያኔ ስለ ኦቨርክሎክ እናውራ። ፕሮሰሰርህ ኢንቴል ከሆነና ስሙ መጨረሻ ላይ «ኬ» ከሌለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተቆለፈ ነው፣ አትድከም።

ትናንት ማታ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ከፍቼው ፋኑ አይታይም፣ አቧራ ብቻ ነው።» ፎቶም ልኮልኛል፣ እውነትም አይታይም 😄

እናንተስ? የገርጂና የመገናኛ ጌም ቤት ልጆች፣ ክዳኑ ተከፍቶ የጠረጴዛ ፋን የተደቀነበትን ኮምፒውተር የምታስታውሱ፣ ኮመንት ላይ አጫውቱኝ።