ጣሂና

ጣሂና ሰሊጥን ቆልቶ በመፍጨት የሚገኝ፣ የለውዝ ቅቤ የሚመስል ቅባታማ ምግብ ነው። በሎሚ ጭማቂና በውሃ ሲበጠበጥ ክሬም የመሰለ ነጭ ስጎ ይሆናል። ይህ ስጎ በሊባኖስ፣ በሶርያ፣ በፍልስጤም፣ በእስራኤል፣ በግብፅና በአካባቢው አገሮች ከሰላጣ፣ ከፈላፈልና ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ይቀርባል። ወተትም እንቁላልም አይገባበትም። በዚህ ከማዮኔዝ ይለያል፤ ማዮኔዝ ወተት ባይኖረውም የሚሠራው ከእንቁላል አስኳል ስለሆነ ለጾም አይሆንም።

ስያሜ

ስሙ የመጣው «ፈጨ» የሚል ትርጉም ካለው የዓረብኛ ግስ «ጠሐነ» ነው። በትግርኛ «ጠሓነ» የሚለው ግስም የዚሁ ሴማዊ ሥር ዘመድ ሲሆን ትርጉሙ ያው መፍጨት ነው። ግሪኮች «ታሂኒ» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛም የተለመደው ይኸው አጠራር ነው።

ታሪክና የኢትዮጵያ ሰሊጥ

ጣሂና በ13ኛው ምዕተ ዓመት በተጻፉ የዓረብኛ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ውስጥ ይጠቀሳል። ሰሊጥ ከኢትዮጵያ ዋና ዋና የውጭ ንግድ ሰብሎች አንዱ ሲሆን በሁመራ፣ በመተማና በወለጋ አካባቢዎች ይመረታል። ነጩ የሁመራ ሰሊጥ በጣሂና አምራቾች ዘንድ ተፈላጊ ነው፤ ከገዢዎቹም አንዷ እስራኤል ናት።

በኢትዮጵያ ጣሂና የተለመደ ባይሆንም ዘዴው እንግዳ አይደለም። በጾም ወቅት ሱፍ፣ ተልባ ወይም ሰሊጥ ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጣል፤ በተለይ ሱፍ ሲጠለል ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። የጣሂና ስጎም የተመሠረተው በዚሁ የቅባት እህልና የውሃ ውሕደት ላይ ነው።

ክሬም የሚመስልበት ምክንያት

ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ሰሊጡ ሲፈጭ ዘይቱ ይወጣና የደቀቀው ፍሬ በውስጡ ይሰፍፋል። ጥቂት ውሃ ወይም የሎሚ ጭማቂ ሲነካው ግን በደቃቁ ፍሬ ውስጥ ያሉት ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ውሃውን መጥጠው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ስለዚህ ይቀጥናል ሲባል ጭራሽ ይጠጥራል። እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ መድፋትም ሆነ ዘይት መጨመር አያስፈልግም፤ መፍትሔው ተጨማሪ ውሃ ነው።

ውሃው በቂ ሲሆን ዘይቱ በጥቃቅን ጠብታዎች ተከፋፍሎ በውሃው ውስጥ ይበተናል፤ ፕሮቲኑም ጠብታዎቹ ተመልሰው እንዳይገናኙ ይረዳል። ብርሃን በእነዚህ ጠብታዎች ላይ ስለሚበተን የስጎው ቀለም ከቡናማ ወደ ነጭ ይለወጣል። ወተትን ነጭ የሚያደርጉትም በውሃ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የስብና የፕሮቲን ቅንጣቶች ናቸው።

አዘገጃጀት

ጣሂናውን ለመሥራት 2 ኩባያ (300 ግራም ገደማ) የተፈተገ ነጭ ሰሊጥና ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያስፈልጋል።

1. ሰሊጡ ተለቅሞ ይታጠባል፤ ከዚያም በደንብ ይደርቃል።
2. በመካከለኛ እሳት እየተማሰለ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይቆላል። መዓዛው ሲወጣና ፈካ ያለ ወርቃማ ቀለም ሲይዝ ይወርዳል። ከጠቆረ ስጎው ይመርራል።
3. ከቀዘቀዘ በኋላ ዘይቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ እስኪልም ድረስ በመፍጫ ማሽን ይፈጫል። በመሃል ማሽኑን እያቆሙ በጎኑ የተለጠፈውን መጥረግ ያስፈልጋል።

ለስጎው፦

* ½ ኩባያ ጣሂና
* ¼ ኩባያ የሎሚ ጭማቂ
* ከ¼ እስከ ½ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ
* 1 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት
* ½ የሻይ ማንኪያ ጨው
* ከተፈለገ ጥቂት የተፈጨ ከሙን

1. ነጭ ሽንኩርቱ ከሎሚው ጋር ተደቁሶ 10 ደቂቃ ይቆያል። የሎሚው አሲድ የሽንኩርቱን ኃይለኛ ጣዕም ያለዝበዋል።
2. ጣሂናው፣ ጨውና ከሙኑ ተጨምረው ይማሰላሉ። በዚህ ጊዜ ይጠጥራል።
3. ውሃው በማንኪያ በማንኪያ እየተጨመረ ነጭና ለስላሳ እስኪሆን ይመታል።

ለቅጠላ ቅጠል ሰላጣ ቀጠን ማለት አለበት፤ ለጥቅል ጎመን፣ ለቀይ ሥር ወይም ለተቀቀለ ድንች ወፈር ቢል ይሻላል።

የምግብ ይዘት

100 ግራም ጣሂና ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ፣ 17 ግራም ያህል ፕሮቲንና ከ50 ግራም በላይ ስብ አለው። ከስቡ አብዛኛው ያልጠገበ ስብ ነው። የሰሊጥ ካልሲየም በብዛት የሚገኘው በገለባው ላይ ስለሆነ ከተፈተገ ሰሊጥ የተሠራ ጣሂና ካልሲየሙ ይቀንሳል። ቪታሚን ቢ12 ደግሞ የለውም። ስለዚህ ጣሂና የወተትን ልስላሴ ይተካል እንጂ የወተትን ንጥረ ነገር ሁሉ አይተካም። ለረጅም ጊዜ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይመገብ ሰው እነዚህን ከሌላ ምንጭ ማግኘት ይኖርበታል።

ጥንቃቄ

ሰሊጥ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ያስነሣል። በአሜሪካ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታሸጉ ምግቦች ላይ በስሙ መጻፍ ካለበት ከ9ኙ ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች አንዱ ሆኗል። ሰሊጡ በስጎው ውስጥ በዓይን ስለማይለይ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት መናገር ተገቢ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ወተት አልባ ስጎ ከፈለገ ሌላ የሚስማማውን የቅባት እህል መጠቀም አለበት።

ውሃ ያልነካው ጣሂና በተከደነ ዕቃ ለወራት ይቆያል። ዘይቱ ቢንሳፈፍ መማሰል ይበቃል። ውሃ የገባበት ስጎ ግን ለባክቴሪያ ምቹ ስለሆነ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በ4 ቀን ውስጥ መበላት አለበት። በማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሚወፍር ሲወጣ በጥቂት ውሃ ይቀጥናል።

ደግሞ ይዩ

* ሰሊጥ
* ሑሙስ
* ሱፍ
* ተልባ