ከድጓ ቤት እስከ ማኅሌት፦ የድምፅ ሊቃውንት ረጅም ጉዞ

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ብስራተ ገብርኤል ሰፈር መጠሪያው የመጣው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሚከበሩት የቅዱስ ገብርኤል በዓላት ሲደርሱ፣ በስሙ በተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት ሊቃውንት በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ ማኅሌት ቆመው ያድራሉ። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ እንዲህ ያለ ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት ትምህርት ውጤት ነው።

በምዕራቡ ዓለም የኦፔራና የኅብረ ዝማሬ ድምፃውያንም ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ብዙዎች በመዘምራን ቡድን ይጀምራሉ፤ ከዚያም በሙዚቃ ትምህርት ቤት ትንፋሽን መቆጣጠርን፣ ኖታ ማንበብንና ያለ ድምፅ ማጉያ አዳራሽ መሙላትን ይማራሉ። እናቷ በቤተ ክርስቲያን የምትዘምረው አሜሪካዊቷ ሊዮንታይን ፕራይስ በኒው ዮርክ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምራ፣ እ.አ.አ በ1961 በሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ ቆመች። እ.አ.አ በ1985 ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችውም በቨርዲ «አይዳ» ውስጥ ኢትዮጵያዊቷን ልዕልት ሆና በመጫወት ነው።

በአገራችን የዚህ ሙያ መሠረት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረትና ሌሎችም ምልክቶች ድምፁን ይመራሉ። ተማሪው ከፊደልና ከዳዊት ንባብ ተነሥቶ ጾመ ድጓና ድጓ ያጠናል። ለድጓ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅዳሴ ደግሞ በወሎ የምትገኘው ሰለልኩላ የታወቁ የምስክር ቦታዎች ናቸው። በመምህሩ ፊት ያስመሰከረ ደቀ መዝሙር ወደ ደብር ተመድቦ ያገለግላል፤ በዕውቀቱ የላቀውም መሪጌታ፣ ቀኝ ጌታ ወይም ግራ ጌታ ሆኖ ማኅሌቱን ይመራል።

የሁለቱ መንገዶች ዋና ልዩነት ወጪው ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የኦፔራ ተማሪ ክፍያ ይከፍላል ወይም የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኛል። የቆሎ ተማሪ ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ከመንደር መንደር በሚያገኘው ቁራሽ ይማራል። ስለዚህ በከተማ ደብሮች የሚሰማው ማኅሌት በአብዛኛው በገጠር ማጀት የተመገበ ነው።

ዛሬ ስሙ የቅዱስ ያሬድ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የምዕራባውያንን የሙዚቃ መሣሪያዎች ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር ያስተምራል። የዜማው ጉባኤ ግን አሁንም የሚቆመው በመምህሩ ጽናትና በአርሶ አደሩ እጅ ነው። ሰብል ሲጠፋ ወይም ሰላም ሲደፈርስ ቁራሹ ይቀንሳል፤ ቁራሹ ሲቀንስ ተማሪው ይበተናል። ዜማው በቃልና በጆሮ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ በመሆኑ፣ አንድ ጉባኤ ሲዘጋ የሚጠፋውን መጽሐፍ ብቻውን አይመልሰውም።